ከካምብሪጅ እስከ ካምብሪጅ፤ ለተከራይ የተሰጠ ቁልፍ ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለኖረ ሰው ስለ ቆጣሪ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፡፡ አንድ ግቢ፣ አምስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ፡፡ ምጣድ ልትጥዱ ስትሉ ማሳወቅ፣ ካውያ ልትሰኩ ስትሉ ማስፈቀድ፣ ወር ሲደርስ ደግሞ ‹‹የኔ እኮ አንድ አምፖል ብቻ ነው›› ብሎ መከራከር… ሁሉም ነገር በእትዬ በኩል ነው የሚያልፈው፡፡ በመጨረሻ የመረረው ተከራይ ‹‹ለብቻዬ ቆጣሪ ይግባልኝ›› ይላል፡፡ አከራይዋም ትጨነቃለች፤ ሰውየው የራሱን መስመር ካገኘ በኋላ ምን እንደሚሰካበት በምን ታውቃለች?

ይኸው ክርክር ወደ 60 ለሚጠጉ ዓመታት በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሲካሄድ ኖሯል ብንላችሁስ? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ነው፡፡ እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት እንጂ ምህንድስና ስላልሆነ ነገሩን በገባን መጠን፣ በሰው ቋንቋ እናወጋችኋለን፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ ‹እ.ኤ.አ.› እያልን እንዳናሰለቻችሁ፡፡)

መጀመሪያ ገጸ ባሕርያቱን እናስተዋውቅ፡፡ ‹ቨርቹዋል ማሽን› ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው፡፡ ተከራዩ እሱ ነው፡፡ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ ፋይል አለው፤ ግቢውን ብቻውን ይዞ የሚኖር ይመስለዋል፡፡ አከራይዋ ደግሞ ‹ሃይፐርቫይዘር› የሚሏት ፕሮግራም ናት፤ እውነተኛው ማሽን በእጇ ነው፣ እያብቃቃች ታካፍላለች፡፡ ተከራዩ ኔትወርክ ካርድ ሲፈልግ የሚሰጠው የማስመሰያ ካርድ ነው፡፡ በዚያ ካርድ የላከው ሁሉ መጀመሪያ አከራይዋ ዘንድ ይደርሳል፤ እሷ ተቀብላ በእውነተኛው ካርድ ትልክለታለች፡፡ ይሄ ያዘገያል፡፡ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛው ኔትወርክ ካርድ ወይም እውነተኛው ግራፊክስ ካርድ ለአንዱ ተከራይ በቀጥታ ይሰጠዋል፡፡ ባለሙያዎቹ ‹ፓስስሩ› ይሉታል፤ እኛ ‹ማስረከብ› እንበለው፡፡

ብዙ ጊዜ ማስረከብ የሚነሣው ከፍጥነት ጋር ነው፡፡ ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ግን ከምንም በላይ የመተማመን ታሪክ ነው፤ ማን ማንን አምኖ ቁልፉን ሰጠ የሚል፡፡ ምክንያቱን እነሆ፡፡ ኔትወርክ ካርድም ሆነ ዲስክ መረጃ ሲያመጣ ፕሮሰሰሩን በየፊደሉ አያስፈቅድም፡፡ ራሱ ወደ ማህደረ ትውስታው (ራም የምንለው) ገብቶ ይጽፋል፣ ራሱ ያነባል፡፡ ‹ዲኤምኤ› ይሉታል፤ በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ እንኳ ለዚህ የተመደበ ቺፕ ነበረው፡፡ ታዲያ ካርዱን የሚያዘው ተከራይ ‹‹ይህንን ቁጥር ስንት ላይ ጻፈው›› ሲለው ካርዱ ያ ቁጥር የማን ክፍል እንደሆነ አያውቅም፤ የታዘዘበት ቦታ ይጽፋል፡፡ ካርዱን ማስረከብ ማለት እንግዲህ የግቢውን በሮች ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ማስረከብ ነው፤ የጎረቤቱን ክፍል፣ የአከራይዋንም ሳሎን ጭምር፡፡

ታሪኩ የሚጀምረው በማሳቹሴትሷ ካምብሪጅ ነው፡፡ አይቢኤም በ1964 እዚያ በከፈተው የሳይንስ ማዕከል፣ ሮበርት ክሪሲ የሚመራው ቡድን አንድ የሲስተም/360 ሞዴል 40 ኮምፒውተርን ለብዙ ሰው የሚያካፍል ፕሮግራም ሠራ፡፡ ሲፒ-40 ተባለ፤ በ1967 መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ዋለ፡፡ ማሽኑ የነበረው ማህደረ ትውስታ 256 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ የምትነሡት አንድ ፎቶ እንኳ አይበቃውም፡፡ ሲፒ-40 ግን እስከ 14 ተከራይ ታስተናግድ ነበር፡፡ ለእያንዳንዳቸውም ምን ትላቸዋለች? ‹‹256 ኪሎባይቱ ሙሉውን የአንተ ነው!›› አከራይነትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፡፡

ከእሷ የተወለደችው ቪኤም/370 በ1972 ለገበያ ስትቀርብ የእቃ አሰጣጡ ሥርዓት ይዞ ነበር፡፡ ዲስክ ይሸነሸናል፤ እያንዳንዱ ተከራይ ‹ሚኒዲስክ› የምትባል ቁራጭ ይደርሰዋል፡፡ ማተሚያው በወረፋ ነው፡፡ ቴፕ ግን አይሸነሸንም፡፡ ስለዚህ ቴፕ የሚያስፈልገው ተከራይ ሲመጣ ኦፕሬተሩ ‹አታች› የምትል ትእዛዝ ጽፎ ሙሉውን መሣሪያ ያያይዝለታል፤ እስኪመልሰው ድረስ ሌላው አይነካውም፡፡ ዛሬ የቅርብ ጊዜ ግኝት የሚመስለን ማስረከብ ያኔም ነበረ ማለት ነው፡፡

ችግሩም ያኔ ነበረ፡፡ የአይቢኤም ቴፕና ዲስክ የሚሠሩት ‹ቻናል› በሚባል ረዳት በኩል ሲሆን፣ ቻናሉ ልክ እንደ ዛሬው ካርድ የሚያውቀው እውነተኛውን አድራሻ ብቻ ነው፡፡ ተከራዩ ‹‹ክፍል 5 አድርሱልኝ›› ሲል የእሱ ክፍል 5 በእውነተኛው ግቢ ምናልባት ክፍል 38 ይሆናል፡፡ እንዳለ ቢተላለፍ የሰው ክፍል ውስጥ ይገባል፡፡ ስለዚህ አከራይዋ እያንዳንዱን የቻናል ትእዛዝ ትቀበላለች፣ አድራሻዎቹን ታርማለች፣ ከዚያ ታስተላልፋለች፡፡ ቴፑ የተከራዩ ቢሆንም ደብዳቤው ሁሉ በእሷ እጅ ተከፍቶ ያልፋል፡፡ ደህንነቱ አስተማማኝ ነው፤ ድካሙ ግን አይጣል ነው!

እዚህ ላይ ነው የዘመድ ተከራይ የመጣው፡፡ (በየግቢው አንድ አይጠፋም አይደል?) ቪኤም/370 ለአንድ ተከራይ ብቻ የሚሰጥ ልዩ መብት ነበራት፤ ስሙ ‹ቨርቹዋል እኩል ሪል› እንደማለት ነው፡፡ የእሱ ክፍሎች ቁጥር ከእውነተኛዎቹ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ይመደብለታል፡፡ ያኔ እርማት አያስፈልግም፤ ደብዳቤው ሳይከፈት ያልፋል፡፡ ፍጥነቱ ተገኘ፡፡ በምትኩ አከራይዋ መመርመሯን ተወች፡፡ ያ ተከራይ ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ዋና ሥራ የሚካሄድበት ሥርዓት ስለነበር ታመነ፡፡ ጎረቤቶቹ ፈቃዳቸውን ተጠይቀው እንዳልነበር ግን ልብ በሉልን፡፡

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠና ሰው ሁሉ ትንሽ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፡፡ የራሱ ቤት ያለው ስለ ተከራይና አከራይ ምን ያስጨንቀዋል? ጀራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ በ1974 አንድ ፕሮሰሰር ተከራይ ለማስተናገድ ምን ማሟላት እንዳለበት በሒሳብ ቋንቋ ጽፈው ነበር፡፡ በፒሲዎቻችን የነገሠው የኢንቴል ፕሮሰሰር ቤተሰብ ግን መስፈርቱን ሳያሟላ አደገ፤ በ2000 የወጣ አንድ ጥናት ፈተናውን የሚወድቁ 17 ትእዛዞች ቆጥሮበታል፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፡፡ በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ይህንን ጉድለት በሶፍትዌር ብልሃት ተሻግሮ በ1999 የመጀመሪያ ምርቱን አወጣ፡፡ ያ ምርት ለተከራዩ ያቀርብ የነበረው ኔትወርክ ካርድ ከፍ ብለን የጠቀስነው የማስመሰያ ዓይነት ነው፤ ተከራዩ ሲያየው የኤኤምዲ ፒሲኔት ካርድ ይመስለዋል፣ እንዲህ ያለ ካርድ ግን ማሽኑ ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፡፡

ሁለተኛዋ ካምብሪጅ የእንግሊዟ ናት፡፡ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ላቦራቶሪ እነ ኢያን ፕራትና ኪየር ፍሬዘር ‹ዜን› የተባለችውን አከራይ ሠርተው በ2003 ለዓለም አስተዋወቁ፡፡ በዓመቱ ያቀረቡት ሐሳብ ግን ከፍጥነትም በላይ እኛን የገረመን ነው፡፡ ድራይቨር፣ ማለትም አንድን ካርድ የሚነዳው ፕሮግራም፣ ኮምፒውተርን በማንኮታኮት የታወቀ ነው፡፡ (ያ የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ትዝ ይላችኋል?) እነ ፍሬዘር ታዲያ ካርዱን ከነድራይቨሩ ለብቻው ለአንድ ተከራይ እናስረክበው አሉ፡፡ ለተከራዩ አዝነው አይደለም፤ ካርዱን ለማግለል ነው! ድራይቨሩ ቢወድቅ የሚወድቀው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው፣ ክፍሏን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው፡፡ በዚያው 2004 በጀርመን ካርልስሩኸ ያሉ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አሳዩ፡፡ ከዚህ በፊት ማስረከብ ለታመነ የሚሰጥ ስጦታ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያልታመነን እቃ የማቆያ ክፍልም ሆነ፡፡

ግን ያ የዲኤምኤ ቀዳዳ እንዳለ ነው፡፡ ድራይቨሩ ሲሳሳት ማግለሉ ሊረዳ ይችላል፤ ተንኮል ካሰበ ግን ካርዱን ተጠቅሞ የትም ይጽፋል፡፡ ለዚህ መድኃኒቱ ሶፍትዌር ሳይሆን ሌላ ብረት ነበር፡፡ ኢንቴል ‹ቪቲ-ዲ›፣ ኤኤምዲ ‹አይኦኤምኤምዩ› ያሉትን ንድፍ ሁለቱም በ2006 አወጡ፤ የኢንቴሉ በቀጣዩ ዓመት በገበያ ማሽኖች ላይ ታየ፡፡ ሥራው የዘበኛ ሥራ ነው፡፡ በካርዶቹና በማህደረ ትውስታው መካከል ይቆማል፣ የትኛው ካርድ የማን እንደሆነና የትኞቹ ክፍሎች እንደተፈቀዱለት የሚገልጽ መዝገብ ይይዛል፡፡ ክፍል 5 ሲባል ክፍል 38 ብሎ ያርማል፣ መዝገቡ ላይ ከሌለ ይመልሳል፡፡ የአይቢኤም አከራይ እያንዳንዱን ደብዳቤ በእጇ እየከፈተች ትሠራው የነበረው ሥራ ወደ ቺፕ ገባ፡፡ ዘመድ መሆን ቀረ፤ ቁልፉ አንድ በር ብቻ የሚከፍት ሆነ፡፡

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቻኮለ፡፡ በ2007 ኬቪኤም የምትባለው አከራይ ወደ ሊኑክስ ገባች፤ የሠራት አቪ ኪቪቲ ይሠራበት የነበረውን የእስራኤል ኩባንያ ኩምራኔትን ሬድሃት በ2008 በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፡፡ በ2007 ደግሞ አንድ ካርድ ራሱን ብዙ አድርጎ ለብዙ ተከራይ እንዲያቀርብ የሚያደርግ ደንብ ወጣ፤ ‹ኤስአር-አይኦቪ› ይባላል፣ በየክፍሉ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ብላችሁ ያዙት፡፡ በ2012 ቪኤፍአይኦ የተባለው አሠራር ሊኑክስ ውስጥ ሲገባ ማስረከብ የቤት ሰው ሥራ ሆነ፡፡ ሊኑክስ የሚወዱ ግን የዊንዶውስ ጌም መተው ያልቻሉ ወጣቶች ግራፊክስ ካርዳቸውን ለዊንዶውስ ተከራይ ማስረከብ ጀመሩ፡፡ ኤንቪዲያ ደግሞ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠው የጂፎርስ ካርድ ድራይቨር በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ሲነቃ ‹ስህተት 43› ብሎ አልሠራም ይል ነበር፡፡ ወጣቶቹም ተከራይነታቸውን የሚደብቁበት ዘዴ ፈጠሩ፡፡ ይህ ድብብቆሽ ለዓመታት ዘልቆ ኩባንያው በመጋቢት 2021 ተወው፡፡ በገንዘባችሁ የገዛችሁት ካርድ የት ክፍል እንደሚሠራ ሻጩ ሲወስንላችሁ፣ የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ያ አከራይነት እንኳ አይደለም፡፡

ትልቁ ግቢ ግን ሌላ ቦታ እየተሠራ ነበር፡፡ አማዞን በ2006 ለዓለም ማከራየት የጀመረው ኢሲ2 የተሠራው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኬፕታውን፣ ደቡብ አፍሪካ! ክሪስ ፒንክሃም የሚመራው ቡድን ነው ዜንን ይዞ የሠራው፡፡ (ስለ አፍሪካና ቴክኖሎጂ በሚወራበት መድረክ ሁሉ ይህ ለምን እንደማይነሣ አይገባንም፡፡) በ2010 ሁለት ሁለት የኤንቪዲያ ቴስላ ካርድ የተረከቡ ቨርቹዋል ማሽኖች ለኪራይ ቀረቡ፡፡ በ2017 ደግሞ ‹ኒትሮ› በተባለው አሠራር የአከራይዋ የራሷ ሥራ ሳይቀር ወደ ተለዩ ካርዶች ተዛወረ፤ ካርዶቹን የሚሠራው በ2015 የተገዛው የእስራኤሉ አናፑርና ላብስ ነው፡፡ ዛሬ ደመና ላይ ተከራይተው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠለጥኑ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሠሩበት ግራፊክስ ካርድ በዚሁ በማስረከብ መንገድ የደረሳቸው ነው፡፡

እቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ተከራይ ሲዞር ምን ይዞ ይሄዳል? በየካቲት 2019 ኤክሊፕሲየም የተባለ የደህንነት ድርጅት ይህንን ፈተሸ፡፡ የተመረጠውም የአይቢኤም ደመና ነበር፤ እዚያ ሙሉ እውነተኛ ሰርቨር፣ ያለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ለደንበኛ ይሰጣል፡፡ ተመራማሪዎቹ አንድ ሰርቨር ተከራዩ፣ ሰርቨሩን ከሩቅ በሚቆጣጠረው ቺፕ ፕሮግራም ላይ አንዲት ምልክት ለወጡ፣ አንድ የተጠቃሚ ስምም ጨመሩ፤ ከዚያ መለሱት፡፡ ያንኑ ሰርቨር እንደገና ሲከራዩ የተጠቃሚው ስም ተጠርጓል፡፡ የለወጧት ምልክት ግን እዚያው አለች፡፡ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ያልተቀየረ ቁልፍ፡፡

አሁን ጥርጣሬው አቅጣጫውን ቀይሯል፡፡ ኤንቪዲያ በ2022 ያስተዋወቀው ኤች100 ካርድ ከተከራዩ ጋር የሚለዋወጠውን መረጃ አከራይዋ እንኳ እንዳታየው አድርጎ መመስጠር ይችላል፡፡ ድሮ አከራይዋ ነበረች ተከራዩን የምትፈራው፤ ዛሬ ተከራዩ አከራይዋን ይፈራል፤ የሚፈራበት ምክንያትም አያጣም፡፡

እኛን እንደ ጋዜጠኝነት ተመራቂዎች ከሁሉም ይበልጥ የነካን ግን የፖላንዷ ጆአና ሩትኮቭስካ ሥራ ነው፡፡ እሷና ራፋል ዎይትቹክ በ2011 ዘበኛውን ፈተኑት፡፡ ዘበኛው በሩን ይጠብቃል፣ ደወሉን ግን ረስቶታል! ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት አለ፤ የተረከበው ተከራይ ያንን ደወል በተንኮል በመደወል ከክፍሉ መውጣት እንደሚችል አሳዩ፡፡ ደወሉንም የሚጠብቁ ማሽኖች ሲመጡ ቀዳዳው ተዘጋ፡፡ በ2012 ደግሞ ሩትኮቭስካ የምትመራው ቡድን ኩብስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንደኛ እትም አወጣ፡፡ እዚያ የካምብሪጆቹ የማግለል ሐሳብ ላፕቶፕ ላይ ወረደ፡፡ ኔትወርክ ካርዱ ለብቻው ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ይሰጣል፤ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድረው እቃም እንዲሁ ለሌላ፡፡ ዋናው ክፍል ከኢንተርኔት ጋር ጨርሶ አይገናኝም፡፡

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማወቅ ፍላሽ ማሰብ ይበቃል፡፡ አገራችን ውስጥ ፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ቫይረስ ይዞ ያልወጣ ማን አለ? ያ ቀላሉ ነው፡፡ በ2014 ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ፍላሽ ውስጥ ያለው ትንሽ ቺፕ ራሱ ተለውጦ ለኮምፒውተሩ ‹‹እኔ ኪቦርድ ነኝ›› ብሎ ትእዛዝ ሊጽፍ እንደሚችል አሳይተዋል፡፡ ይህንን አንቲቫይረስ አያየውም፡፡ በ2019 ደግሞ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች (አዎ፣ ያችው የእንግሊዟ!) ከሌሎች ጋር ሆነው ‹ተንደርክላፕ› ባሉት ጥናት የሐሰት ኔትወርክ ካርድ ሠርተው ላፕቶፖች ላይ ሰኩ፡፡ ዘበኛው ያለባቸው ማሽኖች ላይ እንኳ ብዙዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንደማያሠሩት፣ ቢያሠሩትም መዝገቡን በቸልታ እንደሚሞሉት ነው ያገኙት፡፡

የመረጃ ምንጭ የሚባል ሰው ፍላሽ ሲያቀብላችሁ አመስግናችሁ ትሰካላችሁ እንጂ ምን ታደርጋላችሁ? የኛ ሰው ላይ የደረሰውም ሩቅ አይደለም፡፡ ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ በቤልጂየምና በአሜሪካ ያሉ ሁለት የኢሳት ሠራተኞች ታኅሣሥ 2013 ላይ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ የስለላ ሶፍትዌር ተልኮባቸዋል፤ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሚሸጠው ዓይነት፡፡ ያ በስካይፕ የመጣ ፋይል ስለነበር የዩኤስቢ እቃውን ማግለል ብቻውን አያድነውም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የሚከፈተው ከተዘጋ በኋላ በሚጠፋ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፡፡ የአሜሪካው ፍሪደም ኦፍ ዘ ፕሬስ ፋውንዴሽን ለዜና ክፍሎች ያዘጋጀው የሴኪዩርድሮፕ የሥራ ጣቢያም ኩብስ ላይ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

መሞከር ለምትፈልጉ አንድ ሁለት ነገር እንንገራችሁ፡፡ ከ2018ቱ አራተኛ እትም ጀምሮ ኩብስ ያለ ዘበኛው በወጉ አይሠራም፡፡ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ስለ ራምና ስለ ባትሪ ያወራችሁ፤ እናንተ ግን ገንዘቡን ሳትከፍሉ ባዮስ ውስጥ ግቡና ‹ቪቲ-ዲ›፣ ኤኤምዲ ከሆነ ‹አይኦኤምኤምዩ› የሚል መስመር ፈልጉ፡፡ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የምታገኙት፤ አብሩት፡፡ ጭራሽ ከሌለ ሌላ ማሽን እዩ፡፡ ኪቦርዳችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ መሰኪያውን ከማግለላችሁ በፊት መመሪያውን በደንብ አንብቡ፤ አለበለዚያ ኪቦርዱም አብሮ ይገለልና የይለፍ ቃላችሁን የምትጽፉበት ታጣላችሁ፡፡